የካርድ ማሽን ጥገና፦ በራስ እጅ፣ በውል ወይስ ሲቆም ባለሙያ ጠርቶ?

ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ላለ ቅርንጫፍ የክፍያ ካርድ ማተሚያ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋ ነው። በሰዓት ስንት ካርድ ያወጣል? ሪቦኑ፣ ቀለሙን የያዘው ጥቅልል፣ ስንት ነው? ደህና ጥያቄ ነው። ግን ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ ማሽኑ ሲቆም የሚነካው ማን ነው?

ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው፣ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰው ራሱ ሠልጥኖ እንዲያጸዳና እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ከአቅራቢው ወይም ከሌላ ጥገና ድርጅት ጋር የዓመት ውል መግባት ነው። ሦስተኛው፣ ዝም ብሎ መሥራትና ሲበላሽ ባለሙያ መጥራት ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከከተማው ዳር ላለ ሰው ሦስተኛው ርካሽ ይመስላል እንጂ ከሁሉም ውዱ እሱ ነው። የሚያዋጣው አንደኛውንና ሁለተኛውን ማቀላቀል ነው። ትልቁ ነገር በሁለቱ መካከል ድንበሩን የት እንደምታሰምሩ ማወቅ ነው። ምኑን እናንተ ትነካላችሁ? ምኑን ሳትነኩ ለባለሙያ ትተዋላችሁ?

የማወራው ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጡት ማሽኖች ነው። አንዳንዱ ሥዕልና ጽሑፍ ብቻ ያትማል። አንዳንዱ ቁጥሩንና ስሙን ከፕላስቲኩ ላይ አጉልቶ ያወጣል፤ ኢምቦሰር የምንለው ማለት ነው። ሁለቱንም የሚሠራ፣ ከካርዱ ጀርባ ያለውን የማግኔት መስመርና ቺፑንም የሚጽፍ አለ። በዋና መሥሪያ ቤት ያሉት ትልልቅ ማሽኖች ሌላ ዓለም ናቸው፤ እነሱን እዚህ አላነሳም።

ዳር መሆን ማሽኑን ምን ያደርገዋል?

የፕሪንተሩ ውዱ ዕቃ ሄዱ፣ ማለትም የሚያትመው ራስ (ፕሪንት ሄድ) ነው። ሄዱ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ በጣም ጥቃቅን ማሞቂያዎች አሉ። 300 ዲፒአይ በሆነ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚያትም ማሽን የካርዱን ስፋት ለመሸፈን ከ600 በላይ ያስፈልጋሉ። ሪቦኑን እያሞቁ ቀለሙን ወደ ካርዱ ያሻግራሉ። ከነዚህ በአንዷ ላይ አቧራ ከተቀመጠ ካርዱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን ነጭ መስመር ይወጣል። አቧራው አሸዋነት ካለው ደግሞ ሄዱን ይጭረዋል። ያኔ ብታጸዱትም መስመሩ አይጠፋም፤ ሄዱ ራሱ መቀየር አለበት።

እስቲ ይህን ኮዬ ፈጬ ላይ አስቡት። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ ጭቃው ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በየጎኑ ሕንፃ ይሠራል፣ ሲሚንቶ ይራገፋል፣ አስፋልት ያልደረሰው የውስጥ መንገድ በመኪና ጎማ ይቦናል። ቃሊቲና አቃቂ ላይ ደግሞ የከባድ መኪናው ነገር አለ። መስኮት የተከፈተበት ክፍል ውስጥ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ በጣት ይጻፍበታል። ያው አቧራ ካርዱ ላይም ያርፋል፣ በሮለሩ ተጎትቶ ወደ ሄዱ ይገባል። ስለዚህ አምራቹ «ሪቦን በቀየራችሁ ቁጥር አጽዱ» ካለ እኛ ጋ ያ ዝቅተኛው ነው። በበጋ መሃል ላይም አንዴ መጨመር አለበት።

ብርዱም አለ። አንዳንድ አምራቾች ማሽኑ ከ15 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ዕቃ ግምጃ ያደረ ፕላስቲክ ይደርቃል። ኢምቦሰሩ ሲመታው በቁጥሩ ማዕዘን ላይ መሰንጠቅ ይወዳል። የቁጥሮቹን አናት የሚያለብሰው ፎይልም በደንብ አይይዝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ካርዱን ከነማሸጊያው ቀድማችሁ ወደ ሥራ ክፍሉ አስገቡ፣ ማሽኑንም አብርታችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ። የመጀመሪያውን ካርድ ለደንበኛ ሳይሆን ለሙከራ አውጡ።

አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ካርዶቹ በኤሌክትሪክ ይጣበቃሉ። ማሽኑ ሁለት ካርድ አንድ ላይ ጎትቶ ይቆልፋል። ይህን ብልሽት ብሎ ባለሙያ የጠራ ብዙ ሰው አለ። ካርዶቹን ከመጫናችሁ በፊት ጠርዛቸውን ይዛችሁ አየር እንዲገባባቸው ማላቀቅ ይበቃል። ፊታቸውን በጣት አትንኩ፤ የጣት ወዝ ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል።

መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን መግለጽ አያስፈልገኝም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ካርዱ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ መብራት ከሄደ ቁጥሩ በከፊል የተቀረጸ፣ ቺፑ በከፊል የተጻፈ ካርድ ውስጥ ይቀራል። ያንን ካርድ በጉልበት ጎትቶ ማውጣት ሮለሩንም ቺፑ ላይ የሚያርፉትን ፒኖችም ይጎዳል። ካወጣችሁት በኋላም የተበላሸ ተብሎ ተመዝግቦ መወገድ አለበት እንጂ ቅርጫት ውስጥ አይጣልም። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ፣ የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ለመሥራት አይደለም። የተጀመረውን ካርድ ጨርሶ ማሽኑን በሥርዓቱ ለማጥፋት ነው። ፎይል የሚያሞቅ ወይም ምስሉን በፊልም ላይ አትሞ ወደ ካርዱ የሚያሻግር ማሽን ከሆነ ማሞቂያው ብዙ ኃይል ይስባል። ኮምፒውተር የሚይዝ ትንሽ ዩፒኤስ አይችለውም፤ ማሽኑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት አይታችሁ ግዙ።

ሲበላሽ መጥራት ለምን አያዋጣም?

ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቦሌ ወይም ከሜክሲኮ አካባቢ ነው። ወደ ሰበታ ወይም ወደ ገላን መንገዱ ቀኑን ይበላል። ደርሶ ሲያየው መለዋወጫ ያስፈልገዋል። ዕቃው እጁ ላይ የለም። ይመለሳል። እስኪመጣ ቅርንጫፉ ለደንበኛው «ሲስተም የለም» እያለ ይቆያል። ደንበኛው ደግሞ ለካርዱ ብሎ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ በሁለት ታክሲ የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሌላው ችግር ጠሪም ተጠሪም የማሽኑን ታሪክ አለማወቃቸው ነው። የማውቀው አንድ ቦታ ካርዱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ እየወጣ አስቸገረ። የተጠራው ባለሙያ ሄዱን ቀየረ። ነጠብጣቡ ግን አልጠፋም። ነገሩ የሮለር ነበር። ነጠብጣቦቹ በእኩል ርቀት እየተደጋገሙ ይወጡ ነበርና ቀድሞ ማየት ይቻል ነበር። ሮለር ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ ሮለሩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ምልክቱን ይደግማል። ሄድ ሲበላሽ ደግሞ ምልክቱ ያልተቋረጠ መስመር ነው። ቦታ የማይጠብቅ፣ ካርድ በተቀየረ ቁጥር የሚዛወር ነጥብ ከሆነ ካርዱ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። እነዚህን ሦስት ምልክቶች የሚለይ ሰው ቅርንጫፉ ውስጥ ቢኖር ያ ሁሉ ወጪ አይወጣም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የጥሪ ጥገና የሚያስኬደው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ የክፍያ ካርድ ለማያወጣ፣ የአባልነት ወይም የሠራተኛ መታወቂያ አልፎ አልፎ ለሚያትም። ለእሱ አንድ ሳምንት መቆም ሞት አይደለም።

በራስ እጅ መሥራት ጥሩ ነው፣ ሰው ግን ይዘዋወራል

ማሽኑ አጠገብ የሚውል ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ኢምቦሰሩ ትናንት ያላሰማውን ጥዝዝታ ዛሬ ካሰማ ይሰማዋል። ይህን የትኛውም ውል አይገዛውም። ጽዳት፣ ሪቦንና ፎይል መቀየር፣ የተቆለፈ ካርድ በሥርዓቱ ማውጣት፣ የሙከራ ካርድ አትሞ መለካት፣ እነዚህ ሁሉ የእሱ ሥራ መሆን አለባቸው።

ድክመቱ የታወቀ ነው። ባንክ ቤት ዝውውር አለ። ዛሬ የሠለጠነችው ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ቅርንጫፍ ትሄዳለች፣ እውቀቱም አብሯት ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ሰው አሠልጥኑ። ለደህንነቱም ቢሆን ሁለት መሆኑ ይጠቅማል። ፒሲአይ የሚባሉት የካርድ ምርት የደህንነት ደንቦች ካርድና መረጃ ያለበትን ቦታ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይገባበት በሁለት ሰው ቁጥጥር ሥር ማድረግን መሠረት ያደርጋሉ።

አንድ ደብተር ማሽኑ ጎን ይቀመጥ። ቀን፣ የጸዳው ነገር፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የተለካው ቁጥር፣ ፊርማ። ኮምፒውተር ላይ ካለ ይሁን፤ ግን መብራት በሌለበት ሰዓት የሚነበበው ደብተሩ ነው።

ድንበሩ የሚታወቀው ልኬት ላይ ነው

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ፤ ብዙ ማሽን የሚበላሸው እዚህ ነው።

ሕጉ ይህ ይሁን፦ መለካት የናንተ፣ መፍታት የባለሙያው። ከማሽኑ ሜኑ ወይም ከሶፍትዌሩ የሚስተካከል ነገር ብዙ ጊዜ እናንተ ልትነኩት የምትችሉት ነው። ብሎን የሚፈታ ነገር የናንተ አይደለም።

የኅትመቱ ቦታ ወደ ግራ ወይም ወደ ላይ ከተንሸራተተ ሶፍትዌሩ ላይ ይስተካከላል። ሪቦን ሲቀየር ሴንሰሩን እንደገና ማለማመድም እንዲሁ ከሜኑ የሚሠራ ነው። ማሽኑ ቢጫውን ለቀይ ካምታታ፣ ምስሉ ቀለሙን ከሳተ፣ መጀመሪያ የሚሞከረው ይሄ ነው። ለዚህ ባለሙያ መጥራት ገንዘብ መጣል ነው።

የኢምቦሲንግ ከፍታ ግን ሌላ ነው። ካርድ በዓለም አቀፍ ደረጃው 85.60 በ53.98 ሚሊሜትር ነው፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር። ከሱ ላይ ቁጥሩ ግማሽ ሚሊሜትር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ፣ 0.46 ሚሊሜትር አካባቢ ጎልቶ ይወጣል። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። አንድ ማይክሮሜትር፣ ውፍረት የሚለካውን መሣሪያ፣ ግዙ። ለቅርንጫፉ የሚገዛ ምርጥ መሣሪያ እሱ ነው እላለሁ።

አለካኩ እንዲህ ነው። የሙከራ ካርድ ላይ ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ተደጋግመው እንዲወጡ አድርጉ። እውነተኛ የደንበኛ ቁጥር ለሙከራ አይወጣም። መጀመሪያ ምንም ያልተጻፈበትን ቦታ ለኩ። ቀጥሎ ቁጥሮቹ ላይ፣ በመስመሩ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ለኩ። ልዩነቱ ከፍታው ነው። ማይክሮሜትሩን አታጥብቁት፤ ፕላስቲኩ ይጨፈለቅና ትክክል ያልሆነ ቁጥር ይሰጣችኋል። ጫፉ ላይ ያለው የሚዞር እጀታ (ራቼት) ጠቅ ሲል አቁሙ።

አሁን ቁጥሮቹ ይናገራሉ። መስመሩ በሙሉ ዝቅ ካለ የግፊቱ ጉዳይ ነው። አንዱ ጫፍ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ካርዱን የሚይዘው ክፍል ተዛብቷል ወይም አልቋል። አንድ ቁጥር ብቻ በወጣበት ሁሉ ዝቅ ካለ ወይም ጠርዙ ከተበላ፣ ቁጥሮቹን በሚቀርጸው መንኮራኩር ላይ ያለው የዚያ ቁጥር ቅርጽ ነው ያለቀው። ይሄ የሚገርም አይደለም። የአንድ ባንክ አንድ ዓይነት ካርድ የሚጀምረው በተመሳሳይ ቁጥሮች ነው፤ ቪዛ ሁልጊዜ በ4 ይጀምራል። ስለዚህ አራቷ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ትመታለች፣ ሌሎቹ ግን ሲደርሳቸው ነው። ቀድማ የምታልቀው እሷ ናት። ባለሙያው መንኮራኩሩን በሙሉ እንቀይር ሲል አንዱ ቅርጽ ብቻ ይቀየር እንደሆነ ጠይቁት። ማሽኑ ከፈቀደ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከፍታ በዛ ማለትም ጥሩ አይደለም። ካርዱን ወደ መስኮት አቅንታችሁ በብርሃን አሳልፋችሁ እዩት። 4 እና 7 ማዕዘናቸው ሹል ነው፤ ግፊት ከበዛ እዚያ ላይ መርፌ የወጋችው የምትመስል የብርሃን ነጥብ ታያላችሁ። ያ ካርድ ደንበኛው ኪስ ውስጥ ጥቂት ወር ቆይቶ ይሰነጠቃል። ካርዱን ጠፍጣፋ መስተዋት ላይም አስቀምጡት። ጀልባ ሆኖ ከተነሳ ኤቲኤም ውስጥ መግባት ያስቸግረዋል።

ይህን ሁሉ እናንተ ታያላችሁ፣ ትጽፋላችሁ። ግፊቱን የሚያስተካክለው ግን ባለሙያው ነው። ካርዱን መሃል አድርገው የሚመቱት ወንዱና ሴቱ ቅርጽ በትክክል ካልገጠሙ አንድ የተሳሳተ ዙር ሁለቱንም ያበላሻል።

የቁጥሩን አናት ብር ወይም ወርቅማ የሚያለብሰው ፎይል ደግሞ መሃል ላይ ያለ ነገር ነው። ሙቀቱ ካነሰ የቁጥሮቹ አናት በከፊል ራሰ በራ ይሆናል። ከበዛ ፎይሉ በቁጥሮቹ መካከል ይዳፈናል፣ ጠርዛቸው ይደበዝዛል። ሙቀቱን በትንሽ በትንሹ ብትነኩት ጉዳት የለውም፤ ዋናው ነገር የነበረበትን ቁጥር ሳትጽፉ አለመንካት ነው። በኅዳር ከፍ ያደረጋችሁትን በመጋቢት ዝቅ ማድረግም አትርሱ።

የማግኔት መስመሩን ስትፈትሹ የራሳችሁ ማንበቢያ አነበበ ብላችሁ አታቁሙ። ማግኔቱን የሚጽፈው ሄድ (ከኅትመቱ ሄድ ሌላ ነው) ሲቆሽሽ ወይም ሲያልቅ ጽሑፉ ይደክማል። ጠንካራ ማንበቢያ ያነበዋል፣ የደከመው አያነበውም። ባንኮቻችን የካርድ አገልግሎታቸውን በሚያስተሳስረው በኢትስዊች በኩል ተገናኝተዋል፤ የናንተ ካርድ ነገ የሌላ ባንክ ኤቲኤም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በሌላ ማሽን ላይ ሞክሩት። አንድ የተለመደ ስህተትም አለ። ጥቁሩ መስመር ብዙ ጊዜ ጠንካራ ማግኔት ነው፣ ቡናማው ደካማ። በማግኔት ጥንካሬ መለኪያ በኦርስቴድ ጠንካራው 2,750፣ ደካማው 300 አካባቢ ነው። ማሽኑ ለደካማው ተስተካክሎ ጠንካራ ካርድ ከጫናችሁበት አይጽፍም፤ ሄዱ የተበላሸ ይመስላችኋል። ሴቲንጉን ሳታዩ ማንንም አትጥሩ።

የቺፑን ጣቢያ አትንኩ። ቺፑ ላይ የሚያርፉት ፒኖች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ቢጣመሙ ካርዱ ሁሉ ይመለሳል።

የሚያጸዱበት ዕቃ

የአምራቹ የጽዳት ካርድ ውድ ነው። ሰው ወደ ፋርማሲ ሄዶ አልኮል ይገዛል። ችግሩ ፋርማሲ የሚሸጠው ለቁስል የሚሆን 70 በመቶ ነው፤ ቀሪው ውኃ ነው። ለሄድ አይሆንም። ቶሎ አይደርቅም፣ ማሞቂያው ላይ ሳይደርቅ መብራት ከገባበት ይጎዳዋል። የሚፈለገው 99 በመቶ የሚጠጋ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። እሱን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካላችሁ ለሮለሮቹና ለሄዱ ከክር ነፃ በሆነ ማጽጃ መጠቀም ትችላላችሁ። ከሌላችሁ የአምራቹን ካርድ ግዙ። እዚህ ላይ መቆጠብ የሚያስከትለው ወጪ ከቁጠባው ይበልጣል።

ሄዱን ስታጸዱ ማሽኑን አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ፣ ወዲያና ወዲህ አትፈግፍጉ። ጥፍር፣ ምላጭ፣ ወረቀት አይነካውም። ከማብራታችሁ በፊት ይድረቅ።

በጋራዥ ኮምፕሬሰር መንፋት ግን በጭራሽ አታድርጉ። አየሩ ዘይትና ውኃ ይዟል፣ አቧራውንም ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ለስላሳ ብሩሽና አነስተኛ ቫኪዩም ይሻላል። ተጣባቂው የጽዳት ሮለር ደግሞ በብዙ ማሽን ታጥቦ የሚመለስ አይደለም፤ ሪቦን ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

ኦሪጂናል ሪቦን ወይስ ተመሳሳይ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ሪቦን፣ ፎይልና ሄድ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወዷል። ተመሳሳይ የሚባለውን መፈለግ ይገባኛል። አንዳንዱ ማሽን ግን ሪቦኑ ላይ ያለውን ቺፕ አንብቦ የራሱ ካልሆነ አይሠራም። የሚሠራውም ቢሆን ሄዱ ከተበላሸ ዋስትናው ላይ ክርክር ይነሳል። ለክፍያ ካርድ ኦሪጂናሉን ያዙ። ተመሳሳዩን ለሠራተኛ መታወቂያ፣ ያውም በሌላ ማሽን ላይ ተጠቀሙበት።

ሄድ ሲቀየር አንድ ነገር ተከታተሉ። በብዙ ማሽን አዲሱ ሄድ ላይ የተጻፈ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ (ሬዚስታንስ) ቁጥር አለ፤ ማሽኑ ውስጥ መግባት አለበት። ሳይገባ ከቀረ ሄዱ ከመጠን በላይ ይሞቃል ወይም ምስሉ ይደበዝዛል። ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ቁጥሩን ፎቶ አንሱት፣ ማስገባቱንም እዩ።

ከናካቴው ማጉላት ያስፈልጋል?

ቁጥር ከካርድ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ የተደረገው ድሮ ነጋዴው ካርዱን በወረቀት ሥር አስቀምጦ በእጅ ማሽን ይገፋበት ስለነበር ነው። አሁን ፖሱ፣ ነጋዴው ጋ ያለው የካርድ መክፈያ ማሽን፣ ቺፑን ያነባል። በዓለም ላይ ብዙ ባንክ ወደ ጠፍጣፋ ካርድ ሄዷል። ጠፍጣፋ ካርድ ማለት መንኮራኩር የለም፣ ፎይል የለም፣ ከፍታ አይለካም፣ ካርዱ አይጣመምም ማለት ነው። ዳር ላለ ቅርንጫፍ ግማሹ የጥገና ራስ ምታት ይቀራል።

ውሳኔው የቅርንጫፍ አይደለም፣ የባንኩ ነው። ግን አዲስ ማሽን ሲታዘዝ አስተያየት ከተጠየቃችሁ ጠፍጣፋውን ጠይቁ። እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ደንበኛው ጎላ ያለ ቁጥር ክብር ይመስለዋል የሚል ክርክር እሰማለሁ። ደንበኛው የሚፈልገው ግን እሱ በመጣበት ቀን ካርዱ በእጁ እንዲገባለት ነው።

ጠፍጣፋ ለማተም ሁለት ዓይነት ማሽን አለ። አንዱ በቀጥታ ካርዱ ላይ ያትማል፤ ርካሽ ነው፣ ጥገናው ቀላል ነው፣ ጠርዙ ላይ ግን ትንሽ ነጭ ይተዋል፣ ቺፑ አካባቢም ይቸገራል። ሌላው መጀመሪያ ፊልም ላይ አትሞ ፊልሙን በሙቀት ያጣብቃል። ምስሉ እስከ ጠርዝ ይደርሳል፣ ሄዱም ካርዱን ስለማይነካ ከአቧራና ከቺፑ ጉብታ ይተርፋል። ለአቧራማ ቦታ ሁለተኛው ይሻላል፤ የፊልሙን ወጪና የዩፒኤሱን አቅም ከቻላችሁት።

ውል ስትገቡ

«በዓመት አራት ጊዜ ይጎበኛል» የሚል ውል ባዶ ነው። መጥቶ ቡና ጠጥቶ ቢሄድም ጎብኝቷል። ውሉ ላይ በየጉብኝቱ ምን እንደሚለካ ይጻፍ፦ የኢምቦሲንግ ከፍታ በሦስት ቦታ፣ የፎይል ሙቀት፣ የማግኔት ንባብ፣ የኅትመት ሙከራ ካርድ። ቁጥሮቹ ደብተራችሁ ላይ ይስፈሩ። አንዱ ጉብኝት ከክረምት በኋላ፣ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ይሁን፤ እርጥበቱ ሄዶ አቧራው ከመምጣቱ በፊት።

ከተጠራ በኋላ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስ ይጻፍ። የእናንተ ቦታ ስም ይጠቀስ፤ «አዲስ አበባና አካባቢዋ» የሚለው ሰበታን ይጨምር አይጨምር በኋላ ያከራክራል። ቶሎ ቶሎ የሚያልቁ ዕቃዎች፣ ሮለርና ቀበቶ የመሳሰሉት፣ እናንተ ጋ ተቆልፈው እንዲቀመጡ ጠይቁ። ባለሙያው ባዶ እጁን ቢመጣ እንኳ ሥራው አይቆምም።

ዋጋ ስታወዳድሩ የውሉን ክፍያ ከጥሪው ክፍያ ጋር ብቻ አታስተያዩ። ማሽኑ የቆመበትን ቀን፣ የተመለሰውን ደንበኛ፣ የተበላሸውን ካርድ ጨምሩበት። ደብተር የያዘ ሰው ይህን በቀላሉ ያሰላዋል። ደብተር ያልያዘ በግምት ይከራከራል።

የመጨረሻው የደህንነት ነው፤ በሦስቱም ምርጫ ላይ ይሠራል። ያለቀ ፎይልን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ እዩት። የቁጥሮቹ ቅርጽ እንደ ካርቦን ወረቀት ቁልጭ ብሎ ቀርቷል፤ ስምም ካርድ ቁጥርም ይነበባል። የሪቦኑ ጥቁር ክፍልም እንዲሁ ነው። ከካርዱ ጀርባ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች የሚያትመው ሪቦን ደግሞ እነሱን ይዟል። ይህን የጽዳት ሠራተኛ ወስዶ ቆሻሻ ገንዳ ላይ መጣል የለበትም። በሁለት ሰው ፊት ተቆራርጦ ይወገድ፣ ይመዝገብ። ባለሙያው ማሽኑን ይዤ ልሂድ ካለ ፎይሉ፣ ሪቦኑና ውስጥ የቀረ ካርድ ሁሉ መጀመሪያ ይውጣ። መረጃ የሚይዝ ዲስክ ወይም ኮምፒውተር ከማሽኑ ጋር ከተያያዘ እሱ ከቅርንጫፉ አይወጣም። ይህ በውሉ ላይ ሳይጻፍ አትፈርሙ።